ለሐሙስ አጥቢያ

ደባርቅ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰይፈ ሥላሴ፣

ደብዳቤህ በአምስት ሹፌርና በአንድ ቄስ እጅ አልፎ ስለመጣ ሰላምታህ ላይ የስድስት ሰው ጣት አርፎበታል። እኔም ሰላምታዬን በዚያው ልክ አብዝቼ ልኬዋለሁ፤ መንገድ ላይ ቢቀንስ እንኳ የሚተርፍህ አይጠፋም። ይኼን የሚያደርስልኝ ሹፌሩ ማንያዘዋል ነው። ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ የደባርቅ ሰው ናፍቆት ሁሉ በእሱ ጋቢና ውስጥ ነው የሚሄደው።

ለጠየቅኸኝ ነገር መልሴ እሺ ነው። ኮከብ ጠባቂ ሁኚልኝ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከዛሬ የለም፤ ደስ ብሎኝ ወፍጮው ላይ የሰውን ጤፍ ከሰው ገብስ ልቀላቅል ለትንሽ ተረፍኩ። እንደገባኝ ልንገርህና ከተሳሳትኩ አርመኝ። በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር ትልቅ ቋጥኝ አለ፤ የራሱ ብርሃን የለውም፣ ከሩቅ ስለሆነም በዓይን አይታይም። በአንዲት ኮከብ ፊት ሲያልፍ ግን ይጋርዳታል። ጥላው ምድር ላይ እንደ መቀነት ጠባብና ረጅም ሆኖ ይሮጣል። መቀነቱ ውስጥ የቆመ ሰው ኮከቢቱ ድርግም ስትል ያያል፤ ከመቀነቱ የወጣ ምንም አያይም። ምን ያህል ተጋርዳ እንደቆየች ከታወቀ የድንጋዩ ስፋት ይታወቃል። ያ መቀነት ዘንድሮ በእኛ አገር ላይ ያልፋል ነው የምትለኝ። ልክ ነኝ?

ይኼንኑ ወፍጮ ቤት ተሰልፈው ለሚጠብቁት አስረዳሁ። ባላስረዳ ይሻለኝ ነበር። ጎረቤታችን ፋንታዬ ወዲያው፣ «እንግዲያ ኮከብ ከቆጠርሽ የልጄን እይልኝ፤ የእናቱ ስም ፋንታዬ» አለችኝ። «እኔ የምቆጥረው ድንጋይ ነው እንጂ የሰው ዕድል አይደለም» ብላት፣ «ድንጋይማ እኛም እንቆጥራለን፣ እርሻችን ሞልቶታል» አትለኝም? አሁን በአካባቢው ስሜ «ኮከብ ቆጣሪዋ» ሆኗል። የየኔታ ክንዴ ልጅ ጠንቋይ ሆነች የሚል ወሬ ቤተ ክርስቲያን ሳይደርስ አባዬ ራሳቸው ለካህናቱ አስረዱልኝ። «ሰይፈ የላከው የግርዶሽ ትምህርት ነው፤ ኮከብ ይጋረዳል እንጂ አይጠነቆልም» አሏቸው። 

አባዬን ደኅና ናቸው ወይ ብለሃል። ሐኪሙ ልባቸው ደክሟል አለ። ሲጋደሙ ስለሚያፍናቸው ሌሊቱን ደጅ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ነው የሚያነጉት። ግቡ ብላቸው አይሰሙም። መቁጠሪያቸውን ይዘው ኪርያላይሶን ይላሉ፣ ትንሽ ያንጎላጃሉ፣ ደግሞ ይቀጥላሉ። ጥዋት ስነሣ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ሰይፈ ለገና ይመጣል?» ብለው ነው። እህትህ ነኝና ሳልሸፋፍን ልንገርህ፦ ለገና ካልመጣህ ለፋሲካ ይቆዩኛል ብለህ አትቁጠር። እንዲህ ያለውን መጻፍ ደስ አይልም፤ አንተ ግን የቁጥር ሰው ነህና ቁጥሩን ልደብቅህ አልቻልኩም።

አባዬ ሰላም ይሉሃል።

እህትህ አገርነሽ


አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ አገሬ፣

ልክ ነሽ። እንዲያውም «መቀነት» ያልሽውን ቃል ወስጄብሻለሁ፤ ከእንግዲህ በክፍል ውስጥ የራሴ አስመስዬ ልናገረው ነው።

ኮከቢቱ የትኛዋ እንደሆነች በወረቀቱ ጀርባ ላይ ሥዬልሻለሁ። በዓይን የምትታይ ናት። ይህን ያህል ብርሃን ያላት ኮከብ ስትጋረድ ማየት ብርቅ ነው፤ በእኛ አገር ላይ ሲሆን ደግሞ እኔ በዕድሜዬ ድጋሚ አገኛለሁ ብዬ አላስብም። ቀጠሮው ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ሬዲዮ ክፈቺ። ሰዓቱ ሲገባ የሚያሰማውን ጢጥታ በስልክሽ ቅጂው፤ ከዚያ ቅጂውን ሳታቋርጪ ኮከቢቱን ብቻ እያየሽ ቆዪ። ስትጋረድ «ጠፋች»፣ ስትመለስ «በራች» በይ። በመካከሉ ሌላ ምንም አትናገሪ። ይህ ላንቺ ከሁሉ የሚከብደው መሆኑን አውቃለሁ።

ምንም ካላየሽ ምንም አላየሁም ብለሽ ጻፊልኝ፤ አታፍሪ። ድንጋዩ የት እንዳልደረሰ ማወቅም ዕውቀት ነው። በእኛ ሥራ ባዶ መልስ የለም። ይህንኑ ዳባት ለምታስተምረው ለአክስታችን ልጅ ለሕሊና፣ ሳንቃ በርም ፓርኩን ለሚጠብቀው ለጓደኛዬ ለያርጋል አስተላልፊልኝ። ሦስታችሁ በሦስት ቦታ ብትቆሙ መቀነቱ በየት በኩል እንዳለፈ እናውቃለን።

አባዬን በሚመለከት የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ለገና አልደርስም እትዬ። የተማሪዎቹ ፈተና አለ፤ እሱስ ባይኖር መንገዱ ተከፈተ የሚለኝ ሰው ሁሉ ማታውን ተዘጋ ይለኛል። ይቅር በይኝ። ለእሳቸው ግን አይመጣም አትበያቸው። «ሊነሣ ነው» በያቸው። ይህን ደብዳቤ ስታነቢላቸው የመጨረሻውን ክፍል ዝለይው።

ወንድምሽ ሰይፈ ሥላሴ


ደባርቅ፣ ዓርብ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሰይፈ፣

ኮከብህ አልጠፋችም። ሰላምታውን ትቼ ከዚህ የጀመርኩት አንተም ደብዳቤዬን ስትከፍት ሰላምታውን ዘለህ ይኼንኑ እንደምትፈልግ ስለማውቅ ነው። አሁን ተመለስና እንደምን ሰነበትህ።

እኔ ያልከኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ሐሙስን ውዬ፣ ሲመሽ ራቴን በልቼ፣ ሬዲዮኑን ጆሮዬ ሥር አስቀምጬ፣ እንዳልናገር አፌን በነጠላ ሸብ አድርጌ ደጅ ተቀመጥኩ። ብቻዬን ብሆን ደግ ነበር። ፋንታዬ ልጇንና ምራቷን አስከትላ መጣች። አሥር ሰዓት ሆነ፣ ጢጥታው አለፈ፤ ኮከቢቱ እንደ ተሰካች ቀረች። ውርጩ ሲያንገበግባት ፋንታዬ፣ «አገሬ፣ ጠፋች በይውና እንግባ፤ አርባ ምንጭ ሆኖ ምን ያውቃል?» አለች። እሷም ቅጂው ውስጥ አለችልህ። ዛሬ ረፋዱ ላይ ያርጋል በበቅሎ ነጂዎች ላከብኝ፤ እሱም ምንም አላየም። ሕሊናም በማንያዘዋል እጅ «በዳባት ሰማይ ሁሉ ነገር በቦታው ነው» የምትል ብጣሽ ወረቀት ሰደደች። ሦስታችንም ባዶ። ባዶ መልስ የለም ብለሃልና ይኸው ተቀበል።

አሁን የአባዬን ልንገርህና አብረን እንሳቅ። ረቡዕ ማታ ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩላቸው፤ ዝለይው ያልከውን ዘልዬ። ሐሙስ ጥዋት ቁርሳቸውን ይዤ ብወጣ መደቡ ላይ ፊታቸው በርቶ ተቀምጠዋል።

«ጠፍታ በራች» አሉኝ።

«ማን አባዬ?»

«የልጄ ኮከብ ናታ። ሰዓታት ሳይደወል።»

«ቀጠሮው እኮ ዛሬ ማታ ነው። ሐሙስ ሌሊት ነው ያለው።»

«ታዲያስ? ሌሊቱ የሚነጋው ቀን ነው እንጂ የመሸው አይደለም። መጽሐፉስ ማታም ሆነ ጥዋትም ሆነ አይደል የሚለው? ማታውን አስቀድሞ። ሐሙስ ሌሊት ካለ ለሐሙስ አጥቢያ ማለቱ ነው።»

እኔም፣ «አባዬ፣ ሰይፈ የሚቆጥረው በኮምፒውተር እንጂ በስንክሳር አይደለም» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ሲስቁ ያስላቸዋል፣ ሲያስላቸው ደግሞ ይስቃሉ፤ እንዲያ ሆነን ቁርሱ ቀዘቀዘ። እኔ ያወቅኩት የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው። ሐሙስ ሌሊት ማለት ሐሙስ ውሎ ሲመሽ የሚመጣው ነው። ፋንታዬን ብትጠይቃት እንደዚያ ነው የምትልህ። ደግሞ የአባዬ ዓይን እንደ ድሮው አይደለም፤ አንጎላጅተው ይሆናል ብዬ ቁርሳቸውን ላሞቅ ገባሁ።

ከትናንት ወዲህ ሳሉ ጠንክሯል። ለገና ትመጣለህ ወይ ሲሉኝ «ሊነሣ ነው» እላለሁ፤ አንተ እንዳዘዝከኝ።

አባዬ ሰላም ይሉሃል። «አይቻታለሁ፤ ቃሉ ታማኝ ነው በይው» ብለዋል።

እህትህ አገርነሽ


አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ አገሬ፣

አባዬ ልክ ናቸው።

ኮምፒውተሩ ሐሙስ የሚለው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። እኔ ሰዓቱን ወደ አገራችን ቆጠራ መለስኩት፤ ቀኑን ግን መመለስ ረሳሁ። «ረቡዕ ሌሊት» ወይም «ለሐሙስ አጥቢያ» ማለት ነበረብኝ። አንቺም ሕሊናም ያርጋልም አልተሳሳታችሁም። በሰፈር ቋንቋ ጻፍኩላችሁ፣ በሰፈር ቋንቋ ተረዳችሁኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ቀንና የኮምፒውተሩ ቀን ግን እዚያች ሌሊት ላይ ገጠሙ፤ የገጠሙትም በእሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ሥራ አልያዝኩም። ከቀይ ባሕር ማዶ ጠባቂዎች ነበሩ፤ ደመና ሸፈናቸው። በምዕራብ በኩል በረሃ ነው። በዚያ መቀነት ውስጥ ቆሞ ኮከቢቱ ስትጋረድ አየሁ ያለ፣ እስካሁን የሰማሁት አባዬን ብቻ ነው።

ስለዚህ እባክሽ ጠይቂያቸው። አታስቸኩያቸው፣ አታስቂያቸውም። ጠፍታ ምን ያህል ቆየች? ድርግም ያለችው አንድ ጊዜ ነው ወይስ እየደከመች? መቁጠሪያ በእጃቸው ከነበረ ስንት ላይ ነበሩ?

እኔም ፈተናውን ለባልደረባዬ አስረክቤ መንገድ መፈለግ ጀምሬያለሁ። ከአፋቸው ልስማው። አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። በእኔ ደብዳቤ ምክንያት በዚያ ውርጭ ወጥተው ሳሉ ጠንቶባቸው ከሆነ፣ እትዬ፣ ንገሪኝ።

ወንድምሽ


ደባርቅ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሰይፈ፣

በዓሉን እንዴት አሳለፍከው? እኛ በዓሉን አሳለፍነው። ደብዳቤህ ከበዓሉ በኋላ ነው የደረሰኝ፤ ማንያዘዋል ሰባት ቀን ጎንደር ቆሞ ነበርና አትቀየመው።

ለጠየቅኸው መልሱ ይኼ ነው። ስድስት ኪርያላይሶን። ያን ሐሙስ ጥዋት ነግረውኝ ነበር፤ እኔ በሳቅ መሐል አልጻፍኩልህም። «ስድስት ብዬ ሰባተኛውን ስጀምር በራች» ነው ያሉት። ስትጠፋም እንደ ተነፋ ሻማ በአንድ ጊዜ ነው፤ ስትመለስም እንደዚያው። እየደከመች አልነበረም።

ስድስት ኪርያላይሶን ብልህ ግን ምን ይገባሃል? የእሳቸው ኪርያላይሶን የሌላ ሰው አይደለም። የደብራችን ቄስ ይግዛው ሦስት ሲሉ እሳቸው አንድ ናቸው። «ኪርያ» ብለው ትንፋሽ ይወስዱና «ላይሶን» የሚሉት ጣታቸው ፍሬዋን ካሳለፈ በኋላ ነው። እኔ በዚያ ድምፅ አጠገብ ተወልጄ በዚያ ድምፅ አጠገብ ጸጉሬ ሸብቷል። ስለዚህ እኔው ራሴ በእሳቸው ልክ ብዬ በስልኬ ቀድቼዋለሁ። አንዴ ስቸኩል፣ አንዴ ሳረዝም፣ ሁለት ሌሊት መደቡ ላይ ተቀምጬ ነው የተሳካልኝ። ሚሞሪውን በወረቀት ጠቅልዬ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ ስድስቱን ለካቸው።

ሌላ ወሬ ካልከኝ፣ የወፍጮው ሞተር ተቃጥሎ ተጠግኗል። ሳንቃ በር ላይ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል ብሏል ያርጋል። የፋንታዬ ልጅ ሥራ አገኘ፤ እሷ አሁንም ኮከቡን እኔ እንዳየሁለት ነው የምታወራው፣ ባስተባብልም አልሰማችኝም። በጓም መንታ ወለደች። ቤታችን ሰው አይጠፋበትም፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ይጠይቀናል፣ ምግብም ያመጣሉ። ምስጋና ይግባቸው።

መንገድ ካገኘህ ቶሎ ና። የተለየ ነገር ኖሮ አይደለም፤ ናፍቆት ነው። ሳትቸኩል ግን ቶሎ ና።

ፋንታዬ ሰላም ትልሃለች። ያርጋል ሰላም ይልሃል። ሕሊናም ከነልጆቿ። ቄስ ይግዛውም ሰላም ብለውሃል።

እህትህ አገርነሽ


አርባ ምንጭ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ አገሬ፣

ሚሞሪው ደረሰኝ። ስድስቱን ለካሁ፤ ሃያ ሰከንድ ገደማ ናቸው። የጥላውን ፍጥነት ስለምናውቅ ድንጋዩ በደባርቅ በኩል ያለፈው ገጹ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የሰዓት መዝገብ የሌለው ነገር ስለሆነ በትክክለኛ ልኬት ተርታ አይገባም፤ እሱን አልሸሽግሽም። እኔ ግን በሪፖርቱ ላይ እንዳለ ጻፍኩት፦ «ደባርቅ፤ አንድ ተመልካች፤ በዓይን፤ በጸሎት ቆጠራ፤ ተጋርዳ ታይታለች።» ስማቸውንም ጻፍኩ። ስለ ደረሰው እርግጠኛ ነኝ፤ ስለ ልኩ እጠራጠራለሁ አልኩ።

አሁን ስለ ሌላው።

ያን ድንጋይ ማንም ሰው አይቶት አያውቅም፤ እኔም አላየሁትም። እዚያ መኖሩን ያወቅነው መብራት ያለበት ቦታ ላይ ስለጨለመ ነው። ባንቺ ደብዳቤዎች መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የምትበራ አንዲት መስመር አለች። በኅዳሩ አለች፤ በታኅሣሡ አለች። በጥር ወሩ ግን ፋንታዬ፣ ያርጋል፣ ሕሊና፣ ቄስ ይግዛው ሁሉም ሰላም ብለውኛል። ደግሜ ቆጠርኳቸው። ወረቀቱንም ገለበጥኩት።

ቅጂውንም ሰማሁት። ያንቺን ድምፅ ትቼ ከኋላው ያለውን ነበር የማዳምጠው። ደጅ ነሽ፣ መደቡ ላይ ነሽ፣ ሌሊት ነው። ውሻ ይጮኻል። ሳል የለም።

አትጻፊልኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይነገርም። እኔም አልጠየቅሁሽም፣ አንቺም አልመለስሽልኝም።

ረቡዕ ጥር 21 ማታ ዳባት ሕሊና ቤት እደርሳለሁ። ደባርቅ የምገባው ለሐሙስ አጥቢያ ነው። አሁን ቃሉን አልሳትኩትም።

ሰይፈ


ደባርቅ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለሰይፈ ሥላሴ፤ ዳባት፣ በሕሊና እጅ

ወንድም ዓለሜ፣

ይኼን ስታነብ ከሕሊና ቤት ነህ ማለት ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የቀረብህን ብላ፣ እምቢ አትበላት። ሳይህ ከስተህ አገኝሃለሁ ብዬ ፈርቻለሁ።

ያልጠየቅኸኝን አልመልስልህም። ነገር ግን በታኅሣሡ ደብዳቤ ስለ ውርጩ ጠይቀኸኝ ነበር፣ እሱን ዘልዬብህ ነበርና ልመልስ። እዚያ መደብ ላይ ያን ሌሊት ብቻ አይደለም ያደሩት፤ ከዓመት በላይ እዚያው ነው ያነጉት። በአንተ ደብዳቤ የወጡ እንዳይመስልህ፤ አንተ የሰጠኻቸው ቀና ብለው የሚያዩትን ነው። ስድስቷን ለሚጠይቃቸው ሁሉ ሲያወሩ ሰነበቱ። ለቄስ ይግዛው፣ ለሐኪሙ፣ ለማንያዘዋል። ፋንታዬን እንኳ «አንቺ በማግሥቱ መጣሽ፤ ድግሱ ካለፈ» ብለው ቀለዱባት። የሪፖርቱን ቃል ደግሞ ለቄስ ይግዛው አነበብኩላቸውና «በጸሎት ቆጠራ» የሚለው ላይ ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። 

አሁን ወጉን ስማኝ። የአጥቢያችን ሽማግሌዎች ከቄስ ይግዛው ጋር ሌሊቱን መጥተው ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። የሚነግሩህ እነሱ ናቸው። አንተ እንዳልሰማህ ሆነህ ስማቸው፤ እነሱም እንዳላወቅህ ሆነው ይነግሩሃል። ሞኝነት እንዳይመስልህ። ብቻህን ያወቅከውን ከሰው ጋር ሆነህ ደግመህ እንድታውቀው ነው።

ማንያዘዋል ገና በጨለማ ከዳባት ያነሣሃል፤ ነግሬዋለሁ። ደጃፋችን ሲያወርድህ ማንም አይወጣም፤ ለሁሉም ነግሬያለሁ፣ ፋንታዬንም አስምያታለሁ። በሩን አታንኳኳ። መደቡ ላይ ተቀመጥ። ጋቢው እዚያው ተጣጥፎ አለ፤ ተከናነበው። ኮከቢቱ በዚህ ወር ወደ ሊማሊሞ ዘንበል ብላ ታገኛታለህ፤ ትናንት ሌሊት አይቻታለሁ፣ በቦታዋ ናት።

እሷን እያየህ ኪርያላይሶን በል። በእሳቸው ልክ፣ ሳትቸኩል። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ እሰማሃለሁ። ስድስት በል።

ሰባተኛውን ስትጀምር በሩን እከፍተዋለሁ።

እህትህ አገርነሽ